ጉድጓዱ ፈቃድ አለው፤ ጠባቂ ግን የለውም

«አፈር ተደርምሶባቸው ሕይወታቸው አለፈ።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖር ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። ሬዲዮ ላይ ሰምተናታል፣ የእሳትና አደጋ ስጋት መሥሪያ ቤቱ መግለጫ ላይ አንብበናታል፣ ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አዳምጠናታል። ሰፈሩ ይቀያየራል፣ የሟቾቹ ቁጥር ይቀያየራል፣ ዓረፍተ ነገሯ ግን ንክች አትልም። እስቲ ልብ ብላችሁ ስሟት። ድርጊቱን የፈጸመው ማነው? አፈር። ምን አደረገ? ተደረመሰ። ቆፋሪ የለም። አስቆፋሪ የለም። ፈቃድ የሰጠ የለም። ሊቆጣጠር ደሞዝ የሚበላ የለም። አፈር በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ አንድ ጠዋት ተነሥቶ ሦስት የቀን ሠራተኛ ገደለ ማለት ነው።

እኛ ዛሬ አፈርን ልንከላከልለት ነው የመጣነው። ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ስለሆነ ሳይሆን፣ እሱ በተከሰሰ ቁጥር እውነተኛዎቹ ተከሳሾች ቡናቸውን እየጠጡ ስለሚሰነብቱ ነው።

አፈሩ ምን አጠፋ?

ምንም። አፈር ሕግ አክባሪ ነው። ለሺህ ዓመታት የሚመራበት ሕግ አለው፤ አይጥሰውም፣ ጉቦም አይበላም። ቀጥ አድርገህ ቆርጠህ ካቆምከው፣ ደጋፊ ካልሰጠኸው፣ ከጫፉ ላይ የቆፈርከውን አፈር መልሰህ ከከመርክበት፣ አጠገቡ ሲኖትራክ ካንቀጠቀጥክበት፣ ከዚያ ደግሞ ውኃ ካጠጣኸው ይወድቃል። አለቀ። ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ ልጅ እያለን አሸዋ ላይ የተጫወትን ሁሉ እናውቀዋለን።

የከተማችንን መሬት ደግሞ ተመልከቱት። ሰሜኑ እንጦጦ ነው፤ ቁልቁለት። ወደ ቦሌ፣ ወደ ሲኤምሲ፣ ወደ አቃቂ ስትወርዱ ብዙው ቦታ ጥቁር አፈር ነው፤ ገበሬው ዋልካ የሚለው። ዋልካ የሚያታልል አፈር ነው። በበጋ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ አራት ሜትር ቀጥ አድርጋችሁ ብትቆርጡት ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፎርማኑም ያየዋል፤ «አይዟችሁ፣ ይሄ አፈር አይንቀሳቀስም» ይላል። ከላይ ግን አፈሩ ተሰነጣጥቋል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፣ አፈሩ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይላላል። ከዚያ ይመጣል። ዛሬ ቆሟል ማለት ነገም ይቆማል ማለት አይደለም። ዋልካ ላይ «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚባለው ነገር ማስረጃ ሳይሆን ቆጠራ ነው።

ሲመጣ ደግሞ በምን ያህል ክብደት እንደሚመጣ አስቡት። አንድ ሜትር ኩብ አፈር 1.7 ቶን አካባቢ ይመዝናል፤ እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። መንገድ ላይ የምታዩዋት ቪትዝ አንድ ቶን አካባቢ ናት። እንግዲህ ሦስት ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አካፋ የያዘ ልጅ ላይ ሁለትና ሦስት ሜትር ኩብ ሲወርድ፣ ብዙ ቪትዝ አንድ ላይ ወረደበት ማለት ነው። ጭንቅላቱ ውጭ ቢሆን እንኳ ደረቱ ላይ የተጫነው አፈር አያስተነፍሰውም። ባወጣው አየር ቁጥር አፈሩ ጠበቅ ይላል፤ መልሶ የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

ከዚያ ጓደኞቹ ይዘላሉ። ማን ይከለክላቸዋል? ወንድሙ ከአፈር በታች ሆኖ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። አፈር ግን አንዴ መጥቶ አይበቃውም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ላይ የሆነውን አንረሳውም። የመጀመሪያውን ናዳ ሰምቶ ጎረቤቱን ለማውጣት የሮጠውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ደረሰበት፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ያ የዝናብና የተራራ ሥራ ነው፤ ኤክስካቫተር አልቆፈረውም። አፈር ሁለቴ እንደሚመጣ ግን አስተምሮናል። ከዚያ የተማረ የግንባታ ሳይት የቱ ነው?

ሕግ አለን (አትሳቁ)

«በዚህ አገር ሕግ የለም» የሚሉ ወዳጆች አሉን። አንስማማም። በዚህ አገር ሕግ ሞልቷል። የጎደለው ጫማውን ጭቃ የሚያስነካ ሕግ አስከባሪ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ያነበበ ሰው ስለ ቁፋሮ ዝም እንዳላለ ያውቃል። ቁፋሮው የሌላውን ንብረት ወይም አገልግሎት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ የቦታው ባለቤት በቂ ጥንቃቄ እንዲያደርግ፣ ጉድጓዱ ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ አስተማማኝ ሆኖ እንዲጠበቅ አዝዟል። የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊም አቁሟል፤ ፕላን የሚመረምር፣ ፈቃድ የሚሰጥ፣ ግንባታ የሚቆጣጠር። ይህ ግዴታ አዲስ ሕግ በወጣ ቁጥር የሚሻር ዓይነት አይደለም፤ የአዋጁ ቁጥር ቢቀየር የጉድጓዱ ጥልቀት አይቀየርም።

ሌላም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለ ይዞታው በመብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ወንጀል ብሎታል። ወረቀት ቢደገፍበት ኖሮ የአዲስ አበባ ጉድጓድ ሁሉ በአዋጅ ብቻ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር!

አንድ ነገር ግን ከአሠራሩ ውስጥ ልቅም አድርገን እናውጣ። የ2001ዱ አዋጅ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ከከባዱ ምድብ አስገብቶታል። ጥሩ። ወደ ላይ መቁጠር እንወዳለን። ጂ ፕላስ አራት፣ ጂ ፕላስ ዘጠኝ፣ ጂ ፕላስ ሃያ። ፎቁ ወደ ላይ ሲሄድ ሁሉም ያየዋል፤ ባለሥልጣኑም ያየዋል፣ ሪባን የሚቆረጠውም እዚያ ነው። ወደ ታች ያለው ግን በቆርቆሮ አጥር ተከልሏል። ሕንፃ ከመቆሙ በፊት ያለችው ያቺ ሁለት ወር፣ ሰው የሚሞትባት ሁለት ወር፣ ብዙ ጊዜ ማንም የማያያት ናት። ተቆጣጣሪው ብረቱ ሲታሰር ይመጣል፣ ኮንክሪቱ ሲሞላ ይመጣል። አፈሩ ሲቆረጥ የት ነበር?

ደንብ አስከባሪው ሥራ ላይ ነው

የት እንደነበር እንንገራችሁ። በቆሎ የምትጠብሰዋን እናት እያሳደደ ነበር።

ቀልድ አይደለም። የከተማችን ደንብ ማስከበር ምን ያህል ቀልጣፋ እንደሆነ የምታውቁት እናንተው ናችሁ። ጉሊት የዘረጋች ሴት ቲማቲሟን ሰብስባ እስክትሮጥ ሁለት ደቂቃ አይሰጣትም። ካልሲ በትከሻው ያንጠለጠለ ልጅ ጥግ ሳይዞር ይያዛል። በረንዳውን በአንድ ሜትር ያስረዘመ ምስኪን በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል። እዚያው መንገድ ላይ፣ ከጉሊቷ ሃምሳ እርምጃ ርቀት፣ ስድስት ሜትር የወረደ ጉድጓድ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተሳስሞ ተቀምጧል። ደጋፊ የለው፣ መሰላል የለው፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት የለው። የደንብ ልብሱን የለበሰው ሰውዬ አልፎት ይሄዳል። ለምን? ቲማቲም መውረስ ይቻላል፤ ጉድጓድ ግን አይወረስም።

ከመካከላችን ሁለታችን ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ የደረሰውን እንንገራችሁ። የወረዳውን ስም አንጠራም፤ ብንጠራው የሌሎቹ ወረዳዎች ነዋሪዎች «ለካ እኛን አይደለም» ብለው ይጽናናሉ። ከአጥራችን ማዶ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ከይዞታው ወሰን ጋር እኩል፣ ቀጥ ብሎ። በሁለተኛው ሳምንት የአከራያችን ግንብ ከላይ እስከ ታች ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። አከራያችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ እስቲ ሄዳችሁ አስረዱልኝ» አሉን። ሄድን። ወረዳው «ይሄ የክፍለ ከተማ ነው» አለን። ክፍለ ከተማው «ከወረዳ ደብዳቤ አምጡ» አለን። ወረዳው ስንመለስ «ባለሙያው ፊልድ ወጥቷል» አለን። በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያው መጣ። በዚያን ጊዜ የምድር ቤቱ ግድግዳ ተሞልቶ አፈሩ ተመልሷል። ዘወር ዘወር ብሎ አየና «እንግዲህ አሁን ስጋት የለም» ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፤ ስጋት የለም። ስንጥቁ ግን አለ። እማማ ደግሞ ባለ ጉድጓዱን ከሰው እስኪረቱ ዕድሜ ይስጣቸው።

ልብ በሉ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ማንም ጉቦ አልበላም (እኛ እስካየነው)። ማንም አልተሳደበም። ሁሉም ሥራውን «ሠርቷል»። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጉድጓድ የሚኖረው ለሳምንታት ነው፤ ቢሮክራሲው የሚንቀሳቀሰው በወራት ነው። ቁጥጥሩ ሁልጊዜ ከቀብር በኋላ የሚደርስ ዘመድ ነው።

ለመሆኑ አፈሩ የት ሄደ?

አሁን ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። 400 ካሬ ሜትር ቦታ፣ ስድስት ሜትር ጥልቀት፤ 2,400 ሜትር ኩብ አፈር ነው። አፈር ከመሬት ሲወጣ ይነፋል፤ ሩብ ያህል ይጨምራል ብለን እንያዝ። ሦስት ሺህ ሜትር ኩብ ሆነ። አንድ ሲኖትራክ 16 ሜትር ኩብ ይጭናል እንበል። ወደ 190 ምልልስ ማለት ነው። ከአንዲት ቁራሽ ቦታ! በከተማው በአንድ ጊዜ ስንት ጉድጓድ እንዳለ ደግሞ መስኮታችሁን ከፍታችሁ ቁጠሩ።

ታዲያ ያ ሁሉ አፈር የት ሄደ? ሌሊት ያለፈው ገልባጭ መኪና (ሕዝቡ በከንቱ «ቀይ ሽብር» አላለውም) ምን ጭኖ፣ ወዴት አለፈ? የተፈቀደ መድፊያ ሩቅ ነው፣ ነዳጅ ውድ ነው፣ ሹፌሩ የሚከፈለው በምልልስ ነው። እንግዲህ መልሱን ራሳችሁ አግኙት። ወንዝ ዳር። ቀበናም በሉት፣ ግንፍሌም በሉት፣ ባንተ ይቀጡም በሉት፣ የወንዙ ዳር ዳሩን እያበጠ፣ ወንዙ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄዳል። ከዚያ የደለለው ሁሉ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ተጠርጎ አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከቀደምት የኃይል ማመንጫ ግድቦቻችን አንዱ ለከተማው ቆሻሻና ደለል ማጠራቀሚያ ሆኖ እንዲያረጅ ተፈርዶበታል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጣለው ዝናብ ጎርፍ ሰባት ሰው ገድሏል። ያንን ጎርፍ ያመጣው የተደፋ አፈር ብቻ ነው አንልም። ውኃ ግን ቦታውን ብትነጥቁት ቦታችሁን ይነጥቃችኋል። ይሄ እንቆቅልሽ አይደለም።

ሌላው የተደፋ አፈር ጣጣ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ገደል አፋፍ ላይ የተደፋው ሙሌት ከሁለት ዓመት በኋላ ሣር ያበቅላል፣ ጠፍጣፋ ይመስላል፣ አንድ ሰው ይገዛዋል፣ ቤት ይሠራበታል። በደንቡ ቢሆን ሙሌት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተነጠፈ፣ ውኃ እየጠጣ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ነው የሚሠራው። ከገልባጭ ጀርባ የተደፋ አፈር መሬት አይደለም፤ መሬት የሚመስል ክምር ነው። ክምር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ አይተናል። ያ አፈር ሳይሆን ከ50 ዓመት በላይ የተከመረ ቆሻሻ ነበር፤ ግን ክምር ክምር ነው። ተንሸራተተ፣ ከሥሩ ቤት የሠሩትን ቀበራቸው፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ሐዘኑ ሲያልቅ ስለ ሌሎቹ ክምሮች ማን ጠየቀ?

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

«የእኛ ጣጣ የድህነት ነው፣ ሲያድጉ ይቀራል» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል። እስቲ ሀብታሞቹን እንያቸው።

ሎስ አንጀለስ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ኮረብታዋን በቡልዶዘር እየቆረጠች፣ ሸለቆውን እየሞላች፣ ቤት መሥሪያ ታዘጋጅ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ቤቶቹ ወረዱ። እ.ኤ.አ. በ1952 ከተማዋ ስለ መሬት ቆረጣና ሙሌት ደንብ አወጣች፤ በ1963 ደግሞ አጥብቃ አሻሻለችው፤ መሐንዲስና የከርሰ ምድር ባለሙያ ሥራው ላይ ቆመው እንዲያረጋግጡ አስገደደች። በ1969 ክፉ ዝናብ መጣ። ከዚያ ጉዳቱ ተቆጠረ። ከ1952 በፊት ከተዘጋጁት ቦታዎች 10.4 በመቶው ተጎድተዋል። በ1952 እና በ1962 መካከል ከተዘጋጁት 1.3 በመቶ። ከ1963 በኋላ ከተዘጋጁት 0.15 በመቶ። ያው ኮረብታ፣ ያው ዝናብ፣ ያው አፈር! የተለወጠው ቆሞ የሚያይ ሰው መኖሩ ብቻ ነው።

ሆንግ ኮንግ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 1972፣ በአንድ ቀን፣ ሁለት ቦታ ናዳ ወረደ። ሳው ማው ፒንግ በሚባለው ሰፈር በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ተንዶ 71 ሰው ገደለ፤ ፖ ሻን በሚባለው መንገድ ላይ ደግሞ ባለ 12 ፎቅ ሕንፃ ይዞ ወረደና 67 ሰው ሞተ። ምርመራ ተደረገ፣ ሪፖርት ተጻፈ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ እዚያው ሳው ማው ፒንግ ሌላ ሙሌት ተንዶ 18 ሰው ገደለ። በ1977 ቁፋሮና ተዳፋት ብቻ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ዛሬ ሰው የሠራቸው ወደ 60,000 የሚጠጉ ተዳፋቶች ተመዝግበዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩ በሰሌዳ ተጽፎ እዚያው ተሰቅሏል። መንገደኛ ስንጥቅ ካየ የተዳፋቱን ቁጥር ጠቅሶ ያመለክታል። ሆንግ ኮንግ በ1977 እንደዛሬው የሀብት ማማ አልነበረችም። ሁለት ጊዜ ቀብራ ነው የተማረችው። እኛ ስንት ጊዜ እንቅበር?

ሰበቦቹን አንድ በአንድ

አንደኛ፣ «ልማት ይጓተታል»። ልማት የሚጓተተው ጉድጓድ ሲደረመስ ነው። ሳይቱ ይታሸጋል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ ኮንትራክተሩ ይሰወራል፣ ጉድጓዱ ክረምቱን ውኃ ሞልቶ የሰፈሩ ሕፃናት መስመጫ ይሆናል። ለድጋፍ የሚወስደው ጊዜ ቀናት ነው፤ ያለ ድጋፍ የሚጠፋው ዓመት ነው።

ሁለተኛ፣ «ባለሙያ የለም»። ይሄ ከ20 ዓመት በፊት ቢነገር እናምን ነበር። ዛሬ ከየዩኒቨርሲቲው በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቀው ሥራ ፍለጋ ሰሌዳ ሥር የቆሙ ልጆች እኩዮቻችን ናቸው፤ አንዳንዶቹ ይቺን ጽሑፍ እያነበቡ ነው። በየወረዳው ሥራቸው ጉድጓድ ማየት ብቻ የሆነ ሁለት ሁለት ልጆች ቢቀጠሩ ባጀት የሚያናጋ አይደለም። ባለሙያ የለም ሳይሆን ባለሙያውን ጉድጓድ ዳር የሚልክ የለም።

ሦስተኛ፣ «አቅም የለንም»። ይቅርታ፣ ይሄንን በተለይ ከከተማው አስተዳደር አንቀበልም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር አስተዳደሩ ቀን ከሌሊት እንዴት እንደሚሠራ አይተናል። መንገድ በሳምንታት ሲገለበጥ፣ ሰፈር ሲነሣ፣ ግድግዳ በአንድ ዓይነት ቀለም ሲቀባ አይተናል። ያ ወደድነውም ጠላነውም አቅም ነው። የሱቅ ሁሉ ቀለም መቆጣጠር የቻለ አስተዳደር የጉድጓድ ግድግዳ መቆጣጠር አቃተኝ ቢል ማን ያምነዋል? በዚያ ላይ ደንቡ የሚሠራው ለግል ቆፋሪ ብቻ አይደለም። መንግሥት ራሱ የሚያስቆፍረው የቱቦና የኬብል ቦይም ያንኑ ሰው ይውጣል። አርአያነት ከራስ ቦይ ይጀምራል።

አራተኛ፣ «ወጪው ይበዛል»። እውነተኛው ሰበብ ይሄ ነው፤ ስለዚህ በአክብሮት እንመልስለት። በጠባብ ቦታ ላይ አፈሩን አዘንብሎ ለመቁረጥ ስፋት የለም። ባለቤቱ የከፈለባትን እያንዳንዷን ካሬ መጠቀም ይፈልጋል፤ ስለዚህ እስከ ወሰኑ ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ቀጥ ያለ ቆረጣ ደግሞ ድጋፍ ይፈልጋል፤ ድጋፍ ገንዘብ ነው። እሺ። ግን ድጋፉ ሲቀር ወጪው ቀረ ማለት ነው? አልቀረም። ሒሳቡ ወደ ሌላ ሰው ኪስ ዞረ። ግማሹን ጎረቤት በተሰነጠቀ ግንብ ከፈለ። ግማሹን ደግሞ ከገጠር የመጣ፣ ስሙ በደሞዝ ዝርዝር ላይ የሌለ፣ በቀን ሒሳብ የሚሠራ ልጅ በሕይወቱ ከፈለ። እዚያ ጋ ሕንፃው «ርካሽ» ሆነ። የድሃ ልጅ ሬሳ እንደ ቅናሽ የሚታሰብበት የግንባታ ዋጋ ካለ፣ ያ ዋጋ ውሸት ነው። የቁጥጥር ሥራ ማለት ደግሞ ሒሳቡን ወደ ባለቤቱ መመለስ ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ማማረር ብቻ አይሁንብን። የምንጠይቀው አዲስ አዋጅ አይደለም፤ አምስት ነገር ነው።

አንድ፣ ሰሌዳ። እያንዳንዱ ቁፋሮ በአጥሩ ላይ የፈቃድ ቁጥር፣ የተፈቀደለት ጥልቀት፣ ኃላፊነት የወሰደው መሐንዲስና የሚደወልበት ስልክ ይለጠፍበት። የሕንፃው ውብ ሥዕል ያለበት ትልቅ ሰሌዳ መስቀል ከቻሉ ይቺን ትንሿን አያቅታቸውም።

ሁለት፣ ማቆሚያ ነጥብ። ጉድጓዱ ከሰው ቁመት ሲያልፍ ሥራው ይቁም፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ድጋፉን አይቶ ሳይፈርም አንድ ሰው እንዳይወርድ። ኮንክሪት ሲሞላ የሚመጣው ፊርማ አፈር ሲቆረጥም ይምጣ። ተቆጣጣሪው በተባለው ቀን ካልመጣ ደግሞ ተጠያቂው እሱ ይሁን፤ የሚጓተተውን ሥራ ሰበብ አድርጎ ማንም እንዳይወርድ።

ሦስት፣ የአፈር ደረሰኝ። የወጣው አፈር ስንት እንደሆነ ከፕላኑ ይታወቃል። የመድፊያው ደረሰኝ ከዚያ ጋር ካልተመጣጠነ ቀጣዩ ፈቃድ አይሰጥ። ሹፌሩን ሌሊት ከማሳደድ ባለቤቱን ቀን በሒሳብ መያዝ ይቀላል።

አራት፣ ክረምት። ከሰኔ እስከ መስከረም አዲስ ጥልቅ ቁፋሮ ያለ ሙሉ ድጋፍና ያለ ውኃ መውረጃ አይከፈት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በዝናብ ወራት የተከፈተ መሬት የተለየ የጥንቃቄ ዕቅድ ይጠየቃል። የኛ ዝናብ ከነሱ የሚያንስ አይመስለንም።

አምስት፣ ሪፖርት። አፈር ሰው በገደለ ቁጥር ማን ፈቀደ፣ ማን ቆፈረ፣ ማን መቆጣጠር ነበረበት፣ ምን ጎደለ የሚለው በ30 ቀን ውስጥ ለሕዝብ ይውጣ። አስከሬን ያወጡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የሚቀጥለውን አስከሬን ማስቀረት ግን የእነሱ ሥራ አይደለም።

ለእናንተም ድርሻ አለን፤ ይህን በሞባይል ለምታነቡት። በየቀኑ የምታልፉትን ጉድጓድ እንደ መልክዓ ምድር አትዩት። ቀጥ ብሎ ተቆርጦ እንደሆነ፣ ጠርዙ ላይ አፈር ተከምሮ እንደሆነ፣ አስፋልቱ ላይ ከጉድጓዱ ትይዩ ስንጥቅ መጥቶ እንደሆነ እዩ። ፎቶ አንሡ፣ ቀኑን ጻፉ፣ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ማመልከቻችሁ ላይ የገቢ ቁጥር አስጽፉ። «አላወቅንም» የምትለው ቃል ከሁሉ የምትወደደው ከአደጋ በኋላ ናት። የገቢ ቁጥር ያለው ወረቀት ያቺን ቃል ከአፋቸው ይነጥቃታል።

ክረምት በዚህ አገር ቀጠሮ አክባሪ ነው። በሰኔ ይመጣል፤ ደብዳቤ አያስፈልገውም፣ ፊልድ ወጥቷል አይባልም፣ ከክፍለ ከተማ ወደ ወረዳ አይመላለስም። እያንዳንዱን ጉድጓድ በየቤቱ ሄዶ ይመረምራል፤ ያልተደገፈውን ያውቀዋል። አስተዳደሩ ከእሱ ቀድሞ ይድረስ ነው የምንለው። በቃ።